የቤታችን ትብትብ

አቃቂ በሰቃ ውስጥ በአንዱ ጋራዥ ደጃፍ ሳልፍ፣ መካኒኩ እጁን ከሚጠርግበት የክር ጭብጥ የማሽን ዘይትና የእርጥብ ጥጥ ሽታ ተቀላቅሎ ሲመጣብኝ፣ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሴት መሆኔ ይጠፋብኝና የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጅ እሆናለሁ። ደስ የሚል ሽታ አይደለም። አፍንጫዬን ይዤ አልፋለሁ ብል ግን ውሸት ነው፤ ቆሜ አሸተዋለሁ።

እናቴ ጥሩነሽ አቃቂ ውስጥ ባለ አንድ የክር ፋብሪካ፣ ፈተል ክፍል ትሠራ ነበር። ማሽኑ ላይ ተበጥሶ፣ ተጠላልፎና ዘይት ጠጥቶ የተጣለውን ክር ሠራተኞቹ በማዳበሪያ ከረጢት እየሞሉ እንዲወስዱ ይፈቀድላቸው ስለነበር፣ እማዬ በየሳምንቱ አንድ ከረጢት በጀርባዋ አዝላ ትመጣና ከአልጋው ሥር እስከ በሩ ድረስ ትዘረግፈው ነበር። የዚያ ክምር ስም እኛ ቤት «ትብትብ» ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ምሳ በልተን እሱ ላይ እንቀመጣለን፤ ጫፍ ፈልገን፣ ከሥር አሹልከን፣ ከላይ አውጥተን፣ በእንጨት ላይ እየጠነጠንን ልቃቂት እናደርገዋለን። የተፈታውን ሸማኔዎች ይወስዱታል፤ አልፈታ ያለው ለጋራዦች መጥረጊያ ይሆናል። በዚህ ሥራ አንድ ሕግ ብቻ ነበር፤ መቀስ አይነካም። የተቆረጠ ክር ቋጠሮ ያበዛል፣ ቋጠሮ የበዛበትን ክር ደግሞ ሸማኔ እጁን አያስነካውም፤ ስለዚህ መቀሱ ቁምሳጥኑ አናት ላይ፣ እኛ ልጆቹ የማንደርስበት ቦታ ተቀምጦ ይኖር ነበር።

ቃሉ ከክሩ አልፎ ቤቱን ሁሉ ወሮት ነበር። እሁድ ጠዋት እማዬ ማበጠሪያዋን ይዛ «ነይ፣ ይህን ትብትብሽን ልፍታልሽ» ትለኝና እንባዬ እስኪወርድ ፀጉሬን ትጎትተዋለች። ከአንድ ቆጣሪ ወጥቶ ወደ አራት ቤት የሚሄደውን፣ ግድግዳችን ላይ የተንጠላጠለውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ባየች ቁጥር «ይህ ትብትብ አንድ ቀን ሳያቃጥለን አይቀርም» ትላለች። መነሻው ማንም የማያስታውሰው የሁለት ጎረቤቶች ጠብ ሲነሳም «የእነሱ ነገር ትብትብ ነው፣ እጅሽን እንዳታስገቢ» ትለኝ ነበር። የሰፈሩ ሴቶች ደግሞ የአንዷ ልጅ እጮኝነት ሲፈርስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ትብታብ አሠርተውባት ነው» ይሉ ነበር። በትምህርት ቤት ግቢ ምላሱ ለሚያዝ ልጅም ከዚያው ዘር የወጣ ስም ነበረው፤ «ተብታባው» ይባል ነበር። ይህ የመጨረሻው በወንድሜ በኩል ወደ እኛ ቤት ገባ።

ብሩክ በአራት ዓመት ያንሰኛል። ገና አፉን ሲፈታ ጀምሮ የቃሉ መጀመሪያ ላይ ይያዝ ነበር፤ ካለፈው በኋላ ግን የሚናገረው ነገር ጥርት ያለ፣ አንዳንዴም የሚያስቅ ነበር። ከበራችን ፊት ለፊት ያሉት ባለ ሱቅ ጋሽ ሸምሱ፣ ከስልጤ መጥተው በሰፈራችን ያረጁ ሰው፣ ብሩክ ስኳር ሊገዛ ሲሄድ ምን እንደፈለገ ቢያውቁም አይቀድሙትም ነበር። እጃቸው ሥራውን እየሠራ፣ ዓይናቸው ሌላ ቦታ እያየ ይጠብቁታል። «ቀስ በል፣ ስኳሩ የትም አይሸሽም» ይሉታል። ብሩክም ጨርሶ ይነግራቸውና እየዘለለ ይመለሳል። እማዬም ቢሆን ክሩን እያሳየች «ትብትብ የሚባለው ይህ ነው፤ ልጄን እንዲህ ሲል የሰማሁት ሰው ወዮለት» ትል ነበር። ያስፈራራችው ጎረቤቱን ነው፤ ሊፈራ የሚገባው ሰው ግን ቤት ውስጥ ነበር።

አባባ በያጅ ነበር። በጋውን ቀኑን ሙሉ በርና መስኮት ሲበይድ ውሎ ደክሞ ስለሚገባ እንተርፍ ነበር፤ ክረምት ገብቶ ግንባታው ሲቀዘቅዝ ግን ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ቤት ነው። አሥራ አንድ ዓመት በሞላኝ ክረምት የአቃቂ ወንዝ ሞልቶ ድምፁ እስከ እኛ ይሰማ ነበር፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ አባባ ብየዳ ያቀላውን ዓይኑን እያሻሸ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ እኛም ትንፋሻችንን ውጠን ክራችንን እንፈታለን። በቤታችን ልማድ እራት ከመቆረሱ በፊት አቡነ ዘበሰማያት የሚያደርሰው የቤቱ ትንሽ ልጅ ነው። ብሩክ ሰባት ዓመት ሲሞላው ተራው ከእኔ ወደ እሱ አለፈ። ተነስቶ፣ እጁን ዘርግቶ ይጀምርና የመጀመሪያው ቃል ላይ ይቆማል። አንገቱ ይገተራል፣ ዓይኑ ይጨፈናል፣ ድምፁ ግን አይወጣም። አባባ በልቡ እስከ ሦስት ሲቆጥር ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታየኝ ነበር። ከዚያ ጥፊ ነው።

«ከመጀመሪያው!»

ብሩክ እንደገና ይጀምራል። እንደገና ጥፊ። ወጡ ይቀዘቅዛል፣ እንጀራው ጠርዙ ይደርቃል፣ የብሩክ ጉንጭ በአንድ ወገን ያብጣል። አባባ ልጁ እልከኛ እንጂ ሌላ ነገር የሌለበት ይመስለው ነበር፤ «አውቆ ነው፤ እኔን ሊያዋርድ ነው» ይል ነበር። በእሱ ቤት ተመትቶ ያልተስተካከለ ነገር የለም፤ የበር መቀርቀሪያም፣ ሬዲዮም፣ እማዬም።

አንድ ቀን አብሬው በሹክሹክታ ብል ቃሉ ሳይያዝ እንደሚወርድለት በአጋጣሚ አገኘሁ። ከአጠገቡ ቆሜ ከንፈሬን ብዙም ሳላንቀሳቅስ አብሬው አደርስ ጀመር፤ ብሩክም በእኔ ድምፅ ላይ ተደግፎ እስከ መጨረሻው ይዘልቅ ነበር። አንድ ሳምንት ያህል በሰላም በላን። በስምንተኛው ቀን አባባ ነቃ። «አንቺ አፉ ነሽ እንዴ?» ብሎ በጆሮ ግንዴ ሲያሳርፍብኝ ግድግዳው መጥቶ የመታኝ መሰለኝ፤ ሦስት ቀን ጆሮዬ ሲጮህ ከረመ። እማዬ ይህ ሁሉ ሲሆን ክሩ ላይ አቀርቅራ ጣቶቿ ይሠሩ ነበር። አንዲት የተያዘች ጫፍ ለማውጣት ሁለት ሰዓት የምትታገሠው ሴትዮ፣ የልጇን ጉንጭ የሚያሳብጠውን እጅ ለመያዝ አንድ እርምጃ አትራመድም ነበር። ይህን ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል፤ እሷም እንደምትመታ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ያናድደኛል።

መስከረም ጠባና ትምህርት ቤት ሲከፈት ብሩክን ልጆቹ ተቀበሉት። ስሙን ሲጠየቅ «ብ... ብ...» ሲል አጅበውት እኩል ይሉለት ነበር። ሁለቱን በድንጋይ ፈንክቼ ወላጅ አምጪ ተብያለሁ። እማዬ የፋብሪካዋን የእረፍት ቀን ጠብቃ ሦስት እሁድ በተከታታይ ሳሪስ አቦ ጠበል ወሰደችው፤ በሦስተኛው እሁድ የሚያጠምቁት አባ ልጁን አስቀምጠው ትንሽ አወሩትና «ልጁ ምንም አልሆነም፤ የምትቸኩሉት እናንተ ናችሁ» አሏት። እማዬ ይህን ቃል እያለቀሰች ለአባባ ነገረችው። አባባም ለቄሱ መልስ እማዬን መታት።

በጋው መሀል ላይ አባባ ሞጆ ለአንድ ወር የመጋዘን ብየዳ ሥራ አገኘ። እሱ የማይኖርበት ወር ለእኛ በዓል መሆን ነበረበት። ሊሄድ ሲል ግን ቦርሳውን ትከሻው ላይ አድርጎ በሩ ላይ ቆመና ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። «ስመለስ እስከ መጨረሻው ሳይንተባተብ እንዲያደርስ እፈልጋለሁ። ካላደረሰ የእሱንም የአንቺንም ድርሻ የምትቀበዪው አንቺ ነሽ» አለኝ። እሱ ያለውን እንደሚያደርግ ጆሮዬ ምስክር ነበር።

እማዬ ከሰዓት ፈረቃ ስትገባ ቤቱ የእኔ ነበር። ብሩክን ከትብትቡ ፊት አቆመውና «ጀምር» እለዋለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በልመና ነበር፤ ከረሜላ ገዛሁለት፣ ተንበርክኬም ለመንኩት። በሁለተኛው ሳምንት የቀሩትን ቀናት በጣቴ መቁጠር ስጀምር መቆንጠጥ ጀመርኩ። ከዚያ የክር መጠንጠኛውን እንጨት አነሳሁ። እስከ ሦስት ቆጥሬ እመታዋለሁ፤ «ከመጀመሪያው!» እለዋለሁ። ድምፄ ከአባባ ድምፅ ጋር እንዴት እንደሚመሳሰል ሰምቼዋለሁ፤ አልሰማሁም ብዬ አላመካኝም። እውነቱን ለመናገር ከፍርሃቱ ጋር አንድ ዓይነት ደስታም ነበረበት፤ በዚያ ቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኔ በታች የሚፈራኝ ሰው ነበረኝ። አንድ ቀን ቃሉ ላይ ተይዞ አፉን እንደከፈተ በእንጨቱ አፉን መታሁት፤ ከንፈሩ ተሰነጠቀ፣ የፊት ጥርሱም ጫፉ ተሰበረ። ደሙን በዚያው በክሩ ጠረግኩለት። ማታ እማዬ ስትጠይቅ «ወድቆ ነው» አልኳት። ብሩክ አየኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭራሽ መናገር አቆመ። ሱቅ ሲላክም በጣቱ ያሳይ ነበር።

አባባ የተመለሰው በየካቲት፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ታጥቦ ገበታው ቀረበና «እስቲ እንስማው» አለ። ብሩክ ተነሳ፣ እጁን ዘረጋ፣ አፉን ግን አልከፈተም። አባባ ጠበቀ። ከዚያ እኔን አየኝ፣ መልሶ እሱን አየው፣ ከቦርሳው የብየዳ ገመድ ቁራጭ አወጣ። የመጀመሪያው ምት ብሩክን ወደ ፊት ወረወረው፤ ሁለተኛው ጀርባው ላይ ሸሚዙን ቀደደው፤ በሦስተኛው ትብትቡ ላይ በደረቱ ተደፋ፣ እጅና እግሩም በክሩ ተያዘ። ሊነሳ ሲታገል የባሰ ይተበተባል። ድምፅ አያወጣም። አባባ ገመዱን ደግሞ አነሳ።

እማዬ ቁምሳጥኑ ሥር በርጩማው ላይ ስትወጣ አላየኋትም። ያየሁት መቀሱ ከአባባ ክንድ ውስጥ ሲወጣ ነው። ደግማ ወጋችው። አባባ ጮኸ፤ እሱ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ደሙ በጣቶቹ መሀል እየፈሰሰ ነጩ ክር ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ክንዱን ይዞ ግድግዳውን ተደግፎ «ገደልሽኝ» አላት።

«ገና ነኝ» አለችው።

ጎረቤት ገብቶ መቀሱን ከእጇ እስኪወስድ ድረስ ከብሩክና ከእሱ መሀል አልተነቃነቀችም። አባባን ወደ ክሊኒክ ወሰዱት፤ ተሰፍቶ ሳሪስ እህቱ ቤት ገባ። በማግስቱ እማዬ ደም የነካውን ክር ሰብስባ አውጥታ ጣለች። ክር ስትጥል ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ብሩክ ግን አባባ ከሄደም በኋላ አልተናገረም። እማዬ «ያ አውሬ የልጄን ድምፅ ይዞበት ሄደ» እያለች ለመጣው ሁሉ ታወራ ነበር፤ ሰውም አብሯት አባባን ይረግማል። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ክር እፈታለሁ። ሌላውን ግማሽ የምናውቀው እኔና ብሩክ ብቻ ነበርን፤ እሱ ደግሞ አይናገርም። በእግዜር ፊት ማፈር ቢገባኝም፣ ዝምታው ተመችቶኝ ነበር።

ከዳግማይ ትንሣኤ ቀጥሎ በነበረው እሁድ ሽማግሌ መጣ። ጡረታ የወጡት የባቡር ሠራተኛ አቶ በቀለ፣ ጋሽ ሸምሱ እና የአባባ የሥራ ባልደረባ በአንድ ወገን ተደርድረው፣ አባባ አልድን ያለውን ክንዱን በፋሻ ጠቅልሎ በሩ አጠገብ አቀርቅሮ ተቀመጠ።

«ጥሩነሽ፣ ትዳር በአንድ ቀን ቁጣ አይፈርስም» አሉ አቶ በቀለ። «ታምራት ተጸጽቷል። ሁለተኛ እጁን ላያነሳ እኛ ፊት ይምላል። ያንቺም መቀስ እኮ ቀላል አይደለም።»

እማዬ የነጠላዋን ጫፍ ስታፍተለትል ቆየች። ለሽማግሌ እምቢ ማለት በእሷ ዘንድ ነውር ነበር፤ እሺ ልትል እንደሆነ ከትከሻዋ መውረድ አወቅኩት። ከዚያ «መጀመሪያ ልጁ ይጠየቅልኝ» አለች።

ጋሽ ሸምሱ ከወንበራቸው ወርደው ብሩክ ፊት ተንበረከኩ። «ብሩኬ፣ መናገር ግድ የለም። ማን ነው የሚመታህ? በጣትህ ብቻ አሳየኝ» አሉት።

ብሩክ ጣቱን ወደ አባባ ቀሰረ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ እኔም የያዝኩትን ትንፋሽ ለቀቅኩ። ጣቱ ግን አልወረደም። ቀስ ብሎ ቤቱን ተሻገረ፣ እማዬን አለፋት፣ እኔ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እሷም?» አሉ ጋሽ ሸምሱ።

ብሩክ በሁለት ጣቱ ከንፈሩን ገለጠና የተሰበረ ጥርሱን አሳያቸው። አባባ ቀና ብሎ አየኝ፤ አስተያየቱ የሚያውቀውን ሰው ያላሰበው ቦታ ያገኘ ሰው አስተያየት ነበር። ከብዙ ዱላው ሁሉ ያ አስተያየት ነው የቀረብኝ።

እማዬ ተነሳች። እንደምትመታኝ እርግጠኛ ነበርኩ፤ እንድትመታኝም ፈልጌ ነበር። እሷ ግን ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «አያችሁ አይደል? እሱ ሄዶም እጁ እቤቴ ቀርቷል» አለች። «መጀመሪያ እጁን ከቤቴ ላውጣ። ስለ እሱ የምንነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው።» ሽማግሌዎቹ ተነሱ፣ አባባም ተከትሏቸው ወጣ፤ ከዓመታት በኋላ አዳማ ሌላ ትዳር እንደያዘ ከመስማታችን በቀር ወደ ቤታችን አልተመለሰም።

እጁን ማውጣት የጀመረችው ክረምቱ ሲገባ ነው። ብሩክንና እኔን ፊት ለፊት አስቀመጠችን፤ ትብትቡን እሱ በሁለት ክንዱ ይይዛል፣ እኔ ጫፉን ይዤ እጠነጥናለሁ። «ብሩክ ሳቢ ካላለሽ ክሩን እንዳትስቢ» አለችኝ። ብሩክ አይናገርም። ስለዚህ እኔ ቁጭ። በየቀኑ ሁለት ሰዓት፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እያዳመጥኩ ቁጭ። በመጀመሪያው ሳምንት ተናደድኩ፣ በሁለተኛው አለቀስኩ፣ በሦስተኛው ዝም ብዬ ፊቱን ማየት ጀመርኩ። ወንድሜን ደህና አድርጌ ያየሁት ያን ጊዜ ይመስለኛል። አንድ የሐምሌ ከሰዓት አንገቱ ሲገተር አየሁ፤ ከንፈሩ ተከፈተ፤ «ሳ... ሳ...» አለ። ጣቴ ክሩ ላይ ነበር፣ ግን አልሳብኩም። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። «ሳቢ» አለ። እማዬ በሩ ላይ ሆና ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ ታለቅስ ነበር።

እማዬ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል። እኔ ዛሬ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ፤ ብሩክ እዚያው በሰቃ፣ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ ፈትቶ እንደገና የሚጠመጥምበት አነስተኛ ወርክሾፕ አለው። አግብቶ ሁለት ልጆች ወልዷል። እሁድ እሁድ በታክሲ ሄጄ ምሳ አብሬያቸው እበላለሁ። ባለፈው ጊዜ ሚስቱ ራሄል ዕቃ ስናጥብ፣ ምንም ክፉ ሳታስብ፣ «ሰኒዬ፣ ግን አይገርምሽም?» አለችኝ። «ብሩክ እኮ ከእኔም ከልጆቹም ጋር አይንተባተብም። ከደንበኛ ጋር ሲከራከር ብትሰሚው! የሚይዘው አንቺ ስትመጪ ብቻ ነው።»

ያጠብኩትን ሳህን ደግሜ አጠብኩት። ድሮ ቃሉን እስኪጨርስ መጠበቅ አቅቶኝ ነበር የምመታው፤ አሁን ሰዓት ሙሉ ልጠብቀው እችላለሁ፣ ቃሉንም አልቀድመውም፣ ዓይኔንም አላፈጥበትም። ይወደኛል፤ ታምሜ ሆስፒታል ስተኛ አሥራ አንድ ቀን አጠገቤ ወንበር ላይ ያደረው እሱ ነው። ሳሎን ተመልሼ ፊት ለፊቱ ስቀመጥ ግን፣ አፉን ከመክፈቱ በፊት ዓይኑ አንድ ጊዜ ወደ እጄ ይሄዳል።